ኩዊንኩንክስ፦ በየቀኑ እያየነው ስሙን የማናውቀው ቅርጽ

ሉዶ የተጫወተ ሰው ሁሉ ይህን ቅርጽ ያውቀዋል። ዳይሱ ተንከባሎ አምስት ሲወጣ ማንም ሰው ነጥቦቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ አይቆጥርም። አራት ነጥቦች በአራቱ ማዕዘን፣ አንድ ነጥብ መሃል ላይ። ዓይናችን ገና ሲያርፍበት “አምስት” እንላለን፤ ገና ቁጥር የጀመረ ሕፃን እንኳ ቶሎ ይለምደዋል። ይኸው ቅርጽ በካርታ መጫወቻ ላይ አለ፣ በዶሚኖ ላይ አለ፣ በቁልፍ እየተወጠረ በሚሠራ የሶፋ መደገፊያ ላይም አለ። አንዱን ቁልፍ መሃል አድርጋችሁ ብታዩ ሌሎች አራት ቁልፎች በዙሪያው ታገኛላችሁ።

ይህን ያህል የምናውቀው ቅርጽ ስም አለው ብንባል ግን ብዙዎቻችን እንገረማለን። ስሙ ላቲን ነው፤ ኩዊንኩንክስ ይባላል። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ ስሙ ሲወጣ ስለ ቅርጽ አለመሆኑ ነው፤ ስለ ገንዘብ ነበር። ከገንዘብ ወደ አትክልት ቦታ ገባ፤ ከዚያም ወደ ጦር ሜዳ፣ ወደ ቤተ መቅደስና ወደ ሒሳብ ተሻገረ። በዚህ ጽሑፍ የስሙን መንገድ እንከተላለን፤ በመጨረሻም ችካልና ገመድ ይዛችሁ በግቢያችሁ ልትጠቀሙበት የምትችሉበትን ዘዴ እናሳያችኋለን።

ከአሥራ ሁለት አምስት

የጥንት ሮማውያን የነሐስ ገንዘብ “አስ” ይባል ነበር። አንዱ አስ በአሥራ ሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፋይ “ኡንኪያ” ነው። አሥራ ሁለትን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። አሥር ያለ ቀሪ በሁለትና በአምስት ብቻ ሲከፈል አሥራ ሁለት ግን በሁለት፣ በሦስት፣ በአራትና በስድስት ይከፈላል። ለገበያ የሚመች ቁጥር ነው። ላቲን “ኩዊንኬ” የሚለው አምስትን ነው፤ ሁለቱ ቃላት ሲጣመሩ ኩዊንኩንክስ ሆኑ። ትርጉሙም አምስት አሥራ ሁለተኛ ማለት ነው።

“ኡንኪያ” ለእኛም ሩቅ ቃል አይደለም። ከላቲን ወደ ግሪክ፣ ከግሪክ ወደ ዐረብኛ ተሻግሮ እኛ ዘንድ “ወቄት” ሆኖ ደርሷል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ወርቅ በወቄት ሲመዝኑ የዚያን የድሮ የሮማውያን መለኪያ ዘመድ ይጠሩ ነበር ማለት ነው። “አውንስ” እና “ኢንች” የሚባሉት መለኪያዎችም የተወለዱት ከዚሁ ቃል ነው።

በሮም ክፍልፋይን ማወቅ የቤተሰብ ጉዳይ ነበር። የሟች ንብረት በሙሉ እንደ አንድ አስ ተቆጥሮ በአሥራ ሁለት ይከፈልና ለወራሾች ይደለደላል፤ አንዱ ወራሽ ኩዊንኩንክስ ደረሰው ከተባለ ከንብረቱ አምስት አሥራ ሁለተኛውን ወሰደ ማለት ነው። ወለድም እንዲሁ ይጠራ ነበር። ወለድ በየወሩ ስለሚታሰብ ኩዊንኩንክስ የሚባለው ወለድ በወር ከመቶ አምስት አሥራ ሁለተኛ፣ በዓመት ደግሞ አምስት በመቶ ነው። በእኛ ገንዘብ ብናሰላው 1,200 ብር የተበደረ ሰው በወር 5 ብር፣ በዓመት 60 ብር ይከፍላል።

ልጆችም ይህን ስሌት በትምህርት ቤት ይለማመዱት ነበር። ባለቅኔው ሆራስ ስለ ግጥም ጥበብ በጻፈው ሥራው ውስጥ አስተማሪ ተማሪውን ሲጠይቅ ያሳየናል፦ ከኩዊንኩንክስ ላይ አንድ ኡንኪያ ቢነሣ ስንት ይቀራል? ልጁ አንድ ሦስተኛ ብሎ በትክክል ይመልሳል። ሆራስ ግን አልተደሰተም። አእምሮው በሳንቲም ስሌት ብቻ የተሞላ ልጅ እንዴት አድርጎ ጥሩ ግጥም ይጽፋል የሚል ቅሬታ ነበረው። የልጆቻቸው ትምህርት ወደ ገንዘብ ብቻ እያዘነበለ ነው ብለው የሚሠጉ ወላጆች ዛሬም የሚያነሱት ክርክር ነው። ጥያቄውን አራተኛና አምስተኛ ክፍል ላሉ ልጆቻችሁ ብታቀርቡላቸው ጥሩ የክፍልፋይ ልምምድ ይሆናቸዋል።

ታዲያ የገንዘብ ስም እንዴት የቅርጽ ስም ሆነ? ሮማውያን ከካርታጎ ጋር ሁለተኛውን ታላቅ ጦርነት ሲያደርጉ (218–201 ከክርስቶስ ልደት በፊት) ሉኬሪያ በምትባል የደቡብ ጣሊያን ከተማ ኩዊንኩንክስ የሚባል ሳንቲም ተሠርቶ ነበር። ዋጋውን ለማሳየት አምስት ነጥቦች ተቀርጸውበታል። ማንበብ የማይችል ሰው ነጥቦቹን ቆጥሮ የሳንቲሙን ዋጋ ያውቃል። ነጥቦቹ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አልተደረደሩም፤ ሆኖም በጊዜ ብዛት “አምስቱ ነጥቦች” ሲባል በሰው አእምሮ የሚመጣው አራት በማዕዘን አንድ በመሃል ያለው አደራደር ሆነ። ሳንቲሙ ከገበያ ከጠፋ በኋላም ስሙ ከቅርጹ ጋር ቀረ።

ዛፎች ቦታ ሲካፈሉ

ስሙን ከሞት ያተረፉት በተለይ አትክልተኞች ናቸው። አምስቱን ነጥቦች በሰፊ መሬት ላይ ደጋግማችሁ አስቡት። የመጀመሪያው ረድፍ ዛፎች ተተከሉ። የሁለተኛው ረድፍ ዛፎች ከፊታቸው ካሉት ጋር አይገጥሙም፤ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ትይዩ ይቆማሉ። ሦስተኛው ረድፍ እንደገና እንደ መጀመሪያው ነው። እንዲህ ሲሆን የትኛውም ዛፍ ለአራት ጎረቤቶቹ መሃል ነው፤ እሱ ራሱ ደግሞ ለሌሎቹ ማዕዘን ይሆናል። በዳይሱ ላይ አንድ መሃል ብቻ አለ፤ በእርሻው ላይ ግን እያንዳንዱ ዛፍ በተራው መሃል ነው።

የሮማው የንግግር ጥበብ መምህር ኩዊንቲሊያን ከየትኛውም አቅጣጫ ሲያዩት ቀጥ ያለ መስመር ከሚሰጥ ከዚህ አደራደር የበለጠ ምን የሚያምር አለ ብሎ ጽፏል። ወዲያውም ውበቱ ብቻውን እንዳልሆነ ጨምሯል፤ እንዲህ የተተከሉ ዛፎች የምድሩን እርጥበት እኩል ይካፈላሉ። ለእሱ ትምህርቱ ይህ ነበር፦ እውነተኛ ውበት ከጥቅም አይለይም።

ኪኬሮም ስለ እርጅና በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ አደራደር ያነሳል። ታሪኩን የወሰደው ከግሪካዊው ጸሐፊ ከክሴኖፎን ነው። የፋርሱ ልዑል ታናሹ ቂሮስ በሳርዲስ ከተማ ያለውን የአትክልት ቦታውን ለስፓርታዊው የጦር አዛዥ ለሊሳንድሮስ ያስጎበኘዋል። እንግዳው የዛፎቹን ቁመትና የረድፎቹን ቀጥታ አይቶ ተደነቀ፤ ቦታውን ለክቶ ይህን ያቀደውን ባለሙያ ያደንቅ ጀመር። ቂሮስ ያቀደው እሱ ራሱ መሆኑን፣ ከዛፎቹም ብዙዎቹን በገዛ እጁ መትከሉን ነገረው። ሊሳንድሮስ የልዑሉን ወርቅና የከበረ ልብስ አየና ሀብት ከመልካም ሥራ ጋር ተገናኝቶልሃልና ብፁዕ ነህ አለው።

ማለፊያ የሌለው ረድፍ

ለዛፍ ብርሃን የሚያስገኘው አደራደር ለጠላት መንገድ መዝጊያም ሆኗል። በ52 ከክርስቶስ ልደት በፊት ዩልየስ ቄሳር የጎሎችን መሪ ቨርሲንጌቶሪክስን በአሌሲያ ከበበ። ከከተማዋ የሚወጣውን ጦር ለማገድ ወታደሮቹ ሦስት ጫማ ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች እንዲቆፍሩ አደረገ። በየጉድጓዱ የሾለ እንጨት ተተክሎ አፉ በጭራሮና በቅጠል ተሸፈነ። ስምንት ረድፍ ነበሩ፤ በረድፎቹ መካከል ሦስት ጫማ ርቀት አለ፤ አደራደራቸውም ኩዊንኩንክስ እንደነበረ ቄሳር ራሱ ጽፏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በመጀመሪያው ረድፍ በሁለት ጉድጓድ መካከል ያለፈ ሰው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለው ጉድጓድ ፊት ለፊቱ ይጠብቀዋል። ወታደሮቹ በቅርጻቸው የተነሣ ጉድጓዶቹን “አበቦቹ” ለማለት በሊሊ አበባ ስም ጠሯቸው።

የሮማ እግረኛ ጦር ራሱም በዚህ መልክ ይሰለፍ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ። የፊተኛው መስመር ቡድኖች በመካከላቸው ክፍተት ይተዋሉ፤ ክፍተቱን ከኋላ ያለው መስመር ይጠብቀዋል። የደከመው ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ያላደከመው ወደ ፊት ሲወጣ መንገድ አለው።

መሃሉ ሲከብር

ግንበኞችና የድንጋይ ጠራቢዎች ቅርጹን በተለየ ዓይን አዩት። ለእነሱ አምስተኛው ነጥብ ከአራቱ ይልቃል። በ12ኛው መቶ ዘመን በካምቦዲያ የተሠራው የአንኮር ዋት ቤተ መቅደስ አምስት ግንቦች አሉት፤ አራቱ በማዕዘን ሲሆኑ ከሁሉ የሚረዝመው መሃል ላይ ነው። የአማልክት መኖሪያ የሚባለውን የሜሩ ተራራ ጫፎች ይወክላሉ። በቢዛንታይን ዘመን የተሠሩ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ በመስቀል ቅርጽ ወለል ላይ አንድ ትልቅ ጉልላት በመሃል፣ አራት ትንንሽ ጉልላቶች በማዕዘን ያቆማሉ፤ የሥነ ሕንፃ ምሁራን ይህንንም ኩዊንኩንክስ ይሉታል።

በለንደን ዌስትሚንስተር አቢ መሠዊያ ፊት ያለው የእብነ በረድ ንጣፍ በ1268 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀ ነው። ባለ ብዙ ቀለም ድንጋዮቹ የተገጣጠሙት ክቦች በአምስት ነጥብ አደራደር ዙሪያ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ቻርልስ ሦስተኛ ዘውድ የጫኑት በዚሁ ወለል ላይ ነበር፤ ሥርዓቱን በቴሌቪዥን የተከታተላችሁ ሳታስተውሉት አይታችሁታል።

በየቦታው አምስት ያየው ሐኪም

ቶማስ ብራውን በእንግሊዝ ኖርዊች ከተማ የሚኖር ሐኪም ነበር። በ1658 እ.ኤ.አ. “የቂሮስ የአትክልት ቦታ” የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ከጥንቱ ልዑል ዛፎች ተነሥቶ ኩዊንኩንክስን በሰው እጅ ሥራና በተፈጥሮ ውስጥ ሁሉ ይፈልጋል፦ በመረብ፣ በሰልፍ፣ በጥድ ፍሬ፣ በሱፍ አበባ ራስ ላይ። መጽሐፉ በቋንቋው ውበት እስከ ዛሬ ይነበባል።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄም ያስተምረናል። አንድን ነገር በስም ማወቅ ዓይን ይከፍታል፤ ከልክ ካለፈ ግን የሌለውንም ያሳያል። በሱፍ አበባ ራስ ላይ ያሉት ፍሬዎች ሲጠጋቸው አምስት አምስት ሆነው የተሰበጣጠሩ ቢመስሉም ዛሬ የምናውቀው ከመሃል ወደ ውጭ በሚጠመዘዙ መስመሮች እንደሚያድጉ ነው።

ሌላው እንግሊዛዊ ፍራንሲስ ጋልተን ስሙን ለአንድ መሣሪያ ሰጠው፤ በ1889 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍም አብራራው። መሣሪያው ቆሞ የሚታይ ሰሌዳ ነው። ሚስማሮች በኩዊንኩንክስ ተሰበጣጥረው ተመትተውበታል፤ ከታች ደግሞ ጠባብ ክፍሎች አሉት። ትንንሽ ኳሶች ከላይ ሲለቀቁ እያንዳንዱ ኳስ ሚስማር በነካ ቁጥር ወይ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የአንዱን ኳስ መንገድ ማንም አስቀድሞ ሊናገር አይችልም። ብዙ ኳሶች ከወረዱ በኋላ ግን መሃሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ያለ የደወል ቅርጽ ያለው ክምር ይታያል።

ምስጢሩ በመንገዶቹ ብዛት ነው። አሥር ረድፍ ሚስማር ቢኖር ኳሱ ሊሄድባቸው የሚችላቸው መንገዶች 1,024 ናቸው። ወደ መጨረሻው የግራ ክፍል የሚያደርሰው ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው፤ ወደ መሃለኛው ክፍል የሚያደርሱት ግን 252 ናቸው። ጣውላ፣ ሚስማርና ብይ ካላችሁ ከልጆቻችሁ ጋር በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልትሠሩት ትችላላችሁ። ዕድልና ሥርዓት እንዴት አብረው እንደሚኖሩ በቃል ከማስረዳት ይልቅ ማሳየቱ ይቀላል።

አንድ ቅርጽ፣ ብዙ ትርጉም

አምስቱ ነጥቦች ዛሬም ብዙ ቦታ ይታያሉ፤ ትርጉማቸው ግን እንደየቦታው ይለያያል። በሰሎሞን ደሴቶች ሰንደቅ ዓላማ ላይ ያሉት አምስት ኮከቦች በዚህ መልክ ተቀምጠዋል። በአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ሃምሳዎቹ ኮከቦች የተደረደሩት በዘጠኝ ረድፍ ነው፤ ስድስትና አምስት እየተፈራረቁ፣ አንዱ ረድፍ በሌላው ክፍተት ትይዩ እየሆነ። ኮከብ ቆጣሪዎች ደግሞ ስሙን የሚጠቀሙት በድሮው የክፍልፋይ ትርጉሙ ነው፤ ለእነሱ ኩዊንኩንክስ የክብ አምስት አሥራ ሁለተኛ፣ ማለትም የ150 ዲግሪ ርቀት ነው። እዚህ ነጥብም ማዕዘንም የለም።

ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ ሌላ ትርጉምም አለ። በብዙ አገሮች በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል የሚነቀሱ አምስት ነጥቦች የእስር ቤት ምልክት ናቸው፤ አራቱ ግድግዳዎች፣ መሃለኛው ደግሞ እስረኛው። ሆኖም ይህን ንቅሳት ያየንበት ሰው ሁሉ ታስሮ ነበር ማለት አይደለም፤ ቅርጹን ለማማሩ ብቻ የተነቀሰውም አለ። በውጭ አገር የሚኖሩ ወጣት ልጆች ያላቸው ቤተሰቦች፣ ልጃቸው ንቅሳት ከመምረጡ በፊት ምልክቱ በዚያ አገር ምን እንደሚባል አብረው ቢነጋገሩበት ይበጃል።

በግቢያችሁ ውስጥ

አሁን ወደ ጓሮ እንግባ። ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር ወይም አርባ ምንጭ ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ቤተሰብ አራት ማንጎ ሊተክል ነው እንበል። ማንጎ ሲያድግ ሰፊ ጥላ ስለሚኖረው በየ8 ሜትሩ ይተከል ብለን እናስብ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ግን ችግኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ መሃሉ ባዶውን ይከርማል። የአትክልት ባለሙያዎች ኩዊንኩንክስ የሚሉት ዘዴ ይህን ባዶ ቦታ የሚጠቀም ነው፤ መሃሉ ላይ ቶሎ የሚያፈራና ዕድሜው አጭር የሆነ ተክል፣ ለምሳሌ ፓፓያ፣ ይተከላል።

አሠራሩ ቀላል ነው፦

1. አራት ችካሎችን በ8 ሜትር ርቀት በአራቱ ማዕዘን ትከሉ።

2. ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት ገመዶችን አቋርጣችሁ ወጥሩ። ሁለቱም እኩል፣ ወደ 11.3 ሜትር ገደማ ከሆኑ ካሬው ትክክል ነው። ካልሆኑ ችካሎቹን አስተካክሉ።

3. ገመዶቹ የተገናኙበት ቦታ መሃሉ ነው። ፓፓያው እዚያ ይተከላል። ከእያንዳንዱ ማንጎ ወደ 5.7 ሜትር ይርቃል።

4. ትክክለኛውን ርቀት ለመወሰን የማንጎውን ዝርያና የአካባቢውን አፈር የሚያውቅ የግብርና ባለሙያ አማክሩ፤ ቁጥሩ ቢቀየርም የገመዱ ዘዴ ያው ነው።

በሰፊ እርሻ ላይ ይህ አሠራር የተክሉን ቁጥር ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል፤ በእያንዳንዱ አራት ዛፍ መካከል አንድ ይጨመራልና።

ግቢው ጠባብ ለሆነበት የአዲስ አበባ ቤተሰብም የሚሆን ዘዴ አለ። ሰላጣ ወይም ቆስጣ ስትተክሉ ሁለተኛውን ረድፍ በመጀመሪያው ክፍተት ትይዩ አድርጉት። በተክሎቹ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ረድፎቹን ወደ 26 ሳንቲ ሜትር ማቀራረብ ይቻላል፤ የተሰበጣጠሩ ስለሆኑ በማንኛቸውም ሁለት ተክሎች መካከል ያለው ርቀት ከ30 ሳንቲ ሜትር አያንስም። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር በሆነ መደብ ላይ በተራ ረድፍ 100 ተክል የሚይዘው ቦታ በዚህ መንገድ 105 ይይዛል። ትርፉ በትንሽ መደብ ትንሽ ነው፤ መሬቱ ሲሰፋ ግን ወደ 15 በመቶ ይጠጋል። ቅጠሎቹም አፈሩን ቶሎ ስለሚሸፍኑት አረም ብርሃን አያገኝም።

ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ሥራ ነው። ፓፓያው ማፍራት ከጀመረ ሰንበትበት ይላል፤ ልጆች ለምደውታል፣ ጎረቤትም ቀምሶለታል። በዚህ መካከል ማንጎዎቹ ቅርንጫፋቸውን ወደ መሃል መላክ ይጀምራሉ። ያኔ መሃለኛው መቆረጥ አለበት። ብዙ ሰው ይህን ማድረግ ያቅተዋል፤ እያፈራ ያለን ዛፍ መቁረጥ ያሳዝናልና “አንድ ዓመት ይቆይ” ይባላል። አንዱ ዓመት ሁለት፣ ሁለቱ ሦስት ሲሆን ማንጎዎቹ ብርሃን ፍለጋ ወደ ውጭ ይዘማሉ፤ ለጥቂት ዓመት የታሰበው ተክል ለልጅ ልጅ የታሰበውን ያበላሻል።

ስለዚህ ውሳኔውን ፓፓያው ገና ችግኝ ሳለ መወሰን ይሻላል። በተከላችሁበት ቀን ቤተሰቡ ተሰብስቦ የመቁረጫውን ምልክት ይስማማበት፦ የማንጎዎቹ ቅርንጫፍ ፓፓያውን በነካ በዚያው ሰሞን ይቆረጣል። ስምምነቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከቤቱ ሰነዶች ጋር አስቀምጡት። ቀኑ ሲደርስ የመጨረሻዎቹን ፍሬዎች ለቅማችሁ ለጎረቤት አካፍሉ፤ ከዚያ መጥረቢያውን አንሡ።